የሞግዚትነት አዙሪት፦ ኤዲኤችዲ ባለበት ትዳር ውስጥ ስለሚፈጠር ግንኙነት

የሞግዚትነት አዙሪት ማለት ከሁለቱ ባለትዳሮች አንዱ ኤዲኤችዲ የሚባለው የትኩረትና የመቅበጥበጥ ችግር ሲኖርበት ሌላው የማስታወስን፣ የመከታተልን፣ የማሳሰብንና የመቆጣጠርን ሸክም ቀስ በቀስ ጠቅልሎ የሚይዝበት፣ ይህም አያያዝ በተራው ኤዲኤችዲ ያለበትን ሰው ይበልጥ ከኃላፊነት የሚያርቅበት፣ መራቁም ቁጥጥሩን መልሶ የሚያጠብቅበት ተመላላሽ ግንኙነት ነው። በእንግሊዝኛ የሚጽፉ ባለሙያዎች ይህንኑ የወላጅና የልጅ ግንኙነት በሚል ስያሜ ይጠሩታል፤ ስያሜውን ለብዙ አንባቢ ካደረሱት መካከል ኤዲኤችዲ በትዳር ላይ ስላለው ተጽዕኖ እ.ኤ.አ. በ2010 መጽሐፍ ያሳተሙት አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ሜሊሳ ኦርሎቭ አንዷ ናቸው።

የእንግሊዝኛው ስያሜ እንዳለ ወደ አማርኛ ቢገባ ግን ያሰበውን ነቀፌታ ይዞ አይመጣም፤ በአማርኛ ወላጅነት ክብርና ምርቃት ያለበት፣ ልጅ ሸብቶም ቢሆን የማይቋረጥ ዝምድና ስለሆነ፣ ባሏን እንደ አባት የምታይ ሚስት ወይም ሚስቱን እንደ እናት የሚያከብር ባል ሲባል የሚሰማው ብዙውን ጊዜ ምስጋና ነው። ሞግዚት የሚለው ቃል በአንጻሩ የሚያመለክተው ራሱን ማስተዳደር እንደማይችል በተቆጠረ ሰው ላይ የተሰጠ፣ ወሰንና ጊዜ ያለው ሥልጣንን ነው። በኢትዮጵያ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በልጆች ላይ ያለ የሞግዚት ሥልጣን ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ያበቃል፤ በልዩ ፈቃድ ከዚያ ዕድሜ በፊት ያገባ ሰው ደግሞ በጋብቻው ምክንያት ብቻ ከሞግዚት ሥልጣን ነጻ ይወጣል። ጋብቻ በሕግ ዓይን ሰውን ከሞግዚት የሚያላቅቅ ሆኖ ሳለ እዚህ በተገለጸው ግንኙነት ግን ሞግዚትነት የሚጀምረው ከጋብቻ በኋላ ነው፤ ሞግዚት የሚለው ቃል የተመረጠውም ይህን መዛባት ስለሚያሳይ ነው። አዙሪት የሚለው ሁለተኛው ቃል ደግሞ ነገሩ አንድ ጥፋተኛ፣ አንድ መነሻ ቀን የሌለው መሆኑን ያመለክታል።

ኤዲኤችዲ ራሱ በአማርኛ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር እየተባለ ይተረጎማል። ትርጉሙ ከእንግሊዝኛው ስም ጋር ቢስማማም ስሙ ከተሰየመለት ነገር ጋር በሚገባ አይገጥምም፤ ችግሩ ያለበት ሰው ልቡን የሚስብ ሥራ ሲያገኝ ረኃቡን ሳያስታውስ ለሰዓታት ሊቀመጥ ስለሚችል፣ የጎደለው የትኩረት መጠን ሳይሆን ትኩረትን ወደሚፈለግበት የማዞር፣ እዚያው የማቆየትና በጊዜው የማንሳት ችሎታ ነው። መቅበጥበጡም ቢሆን በአዋቂዎች ዘንድ በአብዛኛው ከእጅና ከእግር ወደ ውስጥ ገብቶ የሐሳብ አለመርጋት፣ ተራ ለመጠበቅ መቸገር፣ ሌላው ተናግሮ ሳይጨርስ ጣልቃ መግባት ሆኖ ይገኛል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ራስል ባርክሌይ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ማብራሪያ የችግሩ ሥር ራስን በመግታት ድክመት ላይ እንደሆነ፣ ከዚህም የተነሳ የአእምሮ አስተዳዳሪ ተግባራት የሚባሉት ክንውኖች፣ ማለትም አንዱን እየሠሩ ሌላውን በአእምሮ መያዝ፣ ስሜትን መግራት፣ ጊዜን መመጠንና ሥራን በቅደም ተከተል ማስኬድ፣ እንደሚታወኩ አስረድተዋል። ባርክሌይ ደጋግመው እንደሚያሳስቡት ኤዲኤችዲ ምን መደረግ እንዳለበት ያለማወቅ ችግር ሳይሆን፣ የሚያውቁትን ነገር በሚያስፈልግበት ሰዓትና ቦታ ያለማድረግ ችግር ነው። ትዳርን በተመለከተ ከዚህ የበለጠ የሚጠቅም አንድ ዕውቀት ማግኘት ያስቸግራል፤ ምክንያቱም የትዳር ጓደኛ ቅሬታ ሁሉ የሚጀምረው «እያወቀ ነው» ከሚለው ቃል ነው።

ይህን ችግር በጠባይ ብልሹነት መተርጎም በሕክምናውም ታሪክ ውስጥ ያለፈ ስሕተት ነው። እንግሊዛዊው የሕፃናት ሐኪም ጆርጅ ስቲል እ.ኤ.አ. በ1902 ለንደን ውስጥ ባቀረቧቸው ታዋቂ ንግግሮች፣ ዛሬ ብዙዎች ኤዲኤችዲ ነበረባቸው የሚሏቸውን ልጆች ሲገልጹ የሞራል ቁጥጥር ጉድለት የሚል ስም ሰጥተዋቸው ነበር። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መመሪያ እ.ኤ.አ. በ1968 እትሙ ነገሩን የልጅነት ሁኔታ አድርጎ ወሰደው፤ ትኩረት የስሙ አካል የሆነው በ1980 ሲሆን፣ አሁን የሚታወቅበት ስም የወጣው በ1987 ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው አምስተኛው እትም ዕድሜያቸው 17 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች የሚያስፈልገውን የምልክት ብዛት ከስድስት ወደ አምስት ዝቅ ያደረገ ሲሆን፣ ከምልክቶቹ አንዳንዶቹ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት መታየት እንዳለባቸውና ችግሩ ከአንድ በላይ በሆነ የኑሮ መስክ መገለጥ እንዳለበት ደንግጓል። ነገሩ ለረጅም ጊዜ የልጆች ብቻ ተደርጎ በመቆጠሩ፣ ዛሬ በሃምሳዎቹ ዕድሜ የሚገኙ ብዙ ባለትዳሮች ችግሩ እንዳለባቸው የሚነግራቸው ሰው ሳያገኙ ሰነፍ፣ ዝንጉ፣ ግዴለሽ እየተባሉ አድገዋል፣ በዚያው ስም አግብተዋል።

ስርጭቱን በሚመለከት በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ሥራ ከአዋቂዎች 2.5 በመቶ ያህሉ ኤዲኤችዲ እንዳለባቸው ሲገምት፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የአሜሪካ ብሔራዊ ጥናት በዚያ አገር 4.4 በመቶ አድርሶታል። በመንትዮች ላይ የተካሄዱ ጥናቶች ደግሞ በሰዎች መካከል ካለው ልዩነት ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነው በዘር ውርስ እንደሚገለጽ ያሳያሉ። በዚህ ምክንያት የአዋቂው ችግር በልጁ በኩል ሲታወቅ ማየት የተለመደ ነው፤ በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆችም ትምህርት ቤት ስለ ልጃቸው የላከውን መጠይቅ ሲሞሉ የራሳቸውን ወይም የትዳር ጓደኛቸውን ልጅነት የሚያነቡ ያህል ሊሰማቸው ይችላል።

አዙሪቱ የሚጀምረው ማንም ባልጠረጠረበት ቦታ፣ በመተጫጨት ዘመን ነው። አዲስ ነገር የኤዲኤችዲ አእምሮን አጥብቆ ስለሚይዝ፣ አዲስ ፍቅርም ከሁሉ ይልቅ አዲስ ስለሆነ፣ ሰውየው ሌላውን ሁሉ ትቶ በወደዳት ሴት ላይ ያተኩራል፤ በቀን ደጋግሞ ይደውላል፣ ያለችውን ሁሉ ያስታውሳል፣ ሳይታሰብ ስጦታ ይዞ ብቅ ይላል። ይህ ጥልቅ ተመስጦ ማስመሰል አይደለም፤ ሆኖም ዘላቂ አይሆንም። ጋብቻው ተፈጽሞ፣ ቤቱ ተይዞ፣ ኑሮው ሲለመድ ትኩረቱ ወደ ሥራ ወይም ወደ ሌላ አዲስ ነገር ይሸሻል፣ እርሷም የተወደደችበትን መጠን በዚያው በመጀመሪያው ዘመን ስለለካች ፍቅሩ እንዳለቀ ትደመድማለች። ትኩረትን የፍቅር መለኪያ ማድረግ በማንኛውም ትዳር የሚያጋጥም ስሕተት ቢሆንም፣ በዚህ ዓይነቱ ትዳር ግን ጉዳቱ እጅግ ከባድ ነው፤ ባልየው ራሱ ስለ ፍቅሩ ሲጠየቅ በቅን ልቡ «እወድሻለሁ» ይላል፣ የሚታየው ነገር ሁሉ ግን ቃሉን ያስተባብላል።

ከዚያ በኋላ የሚከተለው ከትንንሽ ነገሮች የሚሰበሰብ ነው። የመብራት ካርድ ሳይሞላ ቤቱ ማታ ይጨልማል፤ የዕቁብ ገንዘብ ቀኑ ያልፋል፣ የእድር ቅጣት ይደራረባል፤ ልጅ ከትምህርት ቤት የሚወጣበት ሰዓት ይረሳል፣ ጥበቃው በር ላይ ከልጁ ጋር ቆሞ ስልክ ይደውላል። ብዙዎቹ ስሕተቶች የሚመነጩት ባለሙያዎች የጊዜ አለመታየት ከሚሉት ባሕርይ ነው፤ ይህም ችግሩ ላለበት ሰው ጊዜ በአሁንና አሁን ባልሆነ ብቻ ተከፍሎ ስለሚታየው፣ የነገ ወዲያ ቀጠሮ ቀኑ እስኪደርስ ድረስ ክብደት የሌለው መሆኑ ነው። ሌላው ወገን መጀመሪያ ያስታውሳል፣ ቀጥሎ ይደግማል፣ ቀጥሎ ራሱ ይሠራዋል። ራሱ መሥራቱ በዚያ ቀን ትክክለኛው ውሳኔ ሊሆን ይችላል፤ ልጅ በር ላይ ቆሞ እያለ ስለ ኃላፊነት ክፍፍል የሚወያይ ወላጅ የለምና። ነገር ግን እያንዳንዱ እንዲህ ያለ ውሳኔ የሚቀጥለውን እያቀለለ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንዱ የቤቱን የቀን መቁጠሪያ፣ የሒሳብ መዝገብና የሕክምና ቀጠሮ ሁሉ በራሱ ጭንቅላት ተሸክሞ ሲገኝ፣ ሌላው ትእዛዝ እየጠበቀ የሚኖር ሰው ይሆናል።

ሞግዚት የሆነው ወገን በዚህ ጊዜ በጭቅጭቅ ይታወቃል፣ ይህም ከሁሉ የከፋው በደል ነው፤ ጭቅጭቁ የጠባይ ሳይሆን የድካምና የብቸኝነት ውጤት ነውና። በሌላው በኩል ያለው ቁስል ግን ብዙም አይታይም። ኤዲኤችዲ ያለበት ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ከእኩዮቹ ይልቅ ብዙ ተግሣጽ እየሰማ ስለሚያድግ፣ የትዳር ጓደኛው የሚያሰማው ተራ ማሳሰቢያ ሳይቀር የቆየውን ነቀፋ ሁሉ ይቀሰቅስበታል፤ አሜሪካዊው ሐኪም ዊሊያም ዶድሰን ይህን መገፋትን ያለመቻል ብርቱ ሕመም በልዩ ስያሜ ያስተዋወቁት ሲሆን፣ ስያሜው በምርመራ መመሪያው ውስጥ ባይካተትም የስሜት መግራት ችግሩ ራሱ በሰፊው የታወቀ ነው። ስለዚህ ወይ ይቆጣል ወይ ይሸሻል፤ ያልከፈለውን «ከፍያለሁ» ይላል፣ ሊከፍል እንዳሰበና እንደሚከፍልም ስለሚያምን ውሸቱ ለራሱ ውሸት አይመስለውም። ይህች ትንሽ መሸሸጊያ ስትገለጥ ግን የእምነት ጉዳይ ትሆናለች፣ ሞግዚቱም ከማሳሰብ ወደ መመርመር ይሸጋገራል፤ ስልክ ይታያል፣ ደረሰኝ ይጠየቃል። በአንድ አልጋ የሚተኙ ሰዎች መርማሪና ተመርማሪ ከሆኑ በኋላ መፈላለግ ከመካከላቸው መጥፋቱ ሊያስደንቅ አይገባም።

አዙሪቱ በባልና በሚስት ላይ አንድ ዓይነት መልክ የለውም። የቤት ውስጥ ሥራ በልማድ የሴት ተደርጎ በሚቆጠርበት ቤት የባል ዝንጉነት «ወንድ አይደል» ተብሎ ስለሚታለፍ ችግሩ የሚገለጠው ሥራ ሲያጣ ወይም ዕዳ ሲያስገባ ብቻ ነው፣ እስከዚያም ድረስ ሚስቱ ሞግዚትነቷን የሚስትነት ግዴታ አድርጋ ትሸከመዋለች። ኤዲኤችዲ ያለባት ሚስት ዕጣ ከዚህ ይብሳል። በአማርኛ ባለሙያ የሚለው ማሞገሻ ለሴት ሲሰጥ ወጧ የማያርባት፣ ቤቷ የተሰናዳ፣ እንግዳ ሲመጣ እጅ የማያጥራት ማለት ነው፤ ይህ ሁሉ ደግሞ ማቀድን፣ ጊዜ መመጠንንና ብዙ ነገር በአንድ ላይ በአእምሮ መያዝን የሚጠይቅ፣ በቀጥታ ችግሯ ላይ የሚያርፍ ሥራ ነው። ሽንኩርቱ እስኪበስል ሌላ ነገር ጀምራ ድስቱን የምታሳርር ሴት የምትወቀሰው በሙያዋ ብቻ ሳይሆን በሴትነቷ ነው፤ ሴት ልጆች በብዛት የሚቸገሩት በመቅበጥበጥ ሳይሆን በሐሳብ መበተን ስለሆነ ደግሞ በልጅነታቸው ሳይታወቁ የማለፋቸው ዕድል ከወንዶች ይበልጣል። ስለ ኤዲኤችዲ የሚጻፉ ጽሑፎች ወንዱን ዝንጉ፣ ሴቷን ታጋሽ አድርገው ብቻ ሲያቀርቡ እነዚህን ሴቶች ለሁለተኛ ጊዜ ይረሷቸዋል።

ጠቡ ሲጠና ብዙ ባለትዳሮች ወደ ሽማግሌ ይሄዳሉ፤ የቤተሰብ ሕጉም ቢሆን ባለትዳሮች በስምምነት ሳይሆን በአንዱ አቤቱታ ፍቺ ሲጠየቅ ፍርድ ቤት ጉዳያቸውን በመረጧቸው ሽማግሌዎች እንዲጨርሱ ሊያደርግ ይችላል። ሽምግልና ትልቅ ሀብት ነው፤ ባለጉዳዮቹን በስምና በታሪክ የሚያውቁ፣ ያለ ክፍያ ሌሊቱን ተቀምጠው የሚያዳምጡ ሰዎችን ያሰባስባል። አሠራሩ ግን ጥፋትን በመለየት፣ አጥፊውን በመገሠጽና ቃል በማስገባት ላይ የቆመ ነው። ኤዲኤችዲ ያለበት ባል ደግሞ ግሣጼውን በዕንባ ይቀበላል፣ «ሁለተኛ አይለመደኝም» ይላል፣ ሲል ከልቡ ነው፤ በሦስተኛው ሳምንት ነገሩ ሲደገም የቤት ጥፋት የነበረው ነገር ሽማግሌ ፊት የተገባን ቃል ማፍረስ ሆኖ ይከብዳል፣ ሽማግሌዎቹም ያፍራሉ። እነዚያው ሽማግሌዎች ማን አጠፋ ከሚለው ጥያቄ ጎን ይህ ነገር በልጅነትም ነበረ ወይ፣ በሥራ ቦታስ ይታያል ወይ፣ ሐኪም አይቶታል ወይ ብለው ቢጠይቁ፣ ከፍርድ ይልቅ ምርመራ የሚያስፈልገውን ቤት መለየት ይችሉ ነበር።

ምርመራው በሐኪም መደረጉ ግዴታ ነው፤ የእንቅልፍ እጦት፣ ጭንቀት፣ ድባቴ፣ የእንቅርት ዕጢ መታወክ፣ የመጠጥና የጫት ልማድ ሁሉ ትኩረትን ስለሚበትኑ ኤዲኤችዲ ሊመስሉ ይችላሉ። ጫትን በተመለከተ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በውስጡ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ አነቃቂ ንጥረ ነገር ስለሆነ ሰውየው ቅሞ ትኩረት ቢያገኝም፣ ያልተመጠነና የሌሊቱን እንቅልፍ የሚወስድ በመሆኑ የማግስቱን ችግር ያባብሳል። በሐኪም ከሚታዘዙት አነቃቂ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ሜቲልፌኒዴት እ.ኤ.አ. በ1944 ሲባ በተባለው የስዊዘርላንድ ኩባንያ ሊያንድሮ ፓኒዞን በተባለ ኬሚስት የተሠራ ሲሆን፣ ሪታሊን የሚለው የንግድ ስሙ የተወሰደው ከኬሚስቱ ባለቤት ከማርጌሪት የቁልምጫ ስም፣ ከሪታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት ሳይካያትሪ በተባለው መጽሔት የታተመ ሰፊ የጥናቶች ምዘና እነዚህ መድኃኒቶች የአዋቂዎችን ምልክቶች በእርግጥ እንደሚቀንሱ፣ ማስረጃው ግን በአብዛኛው 12 ሳምንታት ያህል አጭር ጊዜን የሚመለከት መሆኑን አሳይቷል። መድኃኒት ትኩረትን የማዞር ችሎታን ያግዛል፤ ለዓመታት የተገነባውን ሞግዚትነት ግን አያፈርስም፣ ክኒን ከተጀመረ በኋላም ጠቡ ባለበት የሚቀጥለው ስለዚህ ነው።

ሞግዚትነቱ የሚፈርሰው በሁለት አቅጣጫ በሚሠራ ሥራ ነው። ኤዲኤችዲ ባለበት ወገን በኩል ትውስታን ከጭንቅላት አውጥቶ በሚታይ ነገር ላይ ማኖር ያስፈልጋል፤ ማሳሰቢያው የሚሠራው ደግሞ ድርጊቱ በሚፈጸምበት ቦታ ላይ ሲገኝ ነው፣ የመብራት ካርዱ ከመውጫው በር እጀታ ላይ ሲንጠለጠል፣ የስልኩ ደወል ከትምህርት ቤቱ መውጫ ሰዓት በፊት መንገዱን ጨምሮ ሲሞላ። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ምሁር ፒተር ጎልዊትዘር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳሳዩት፣ «ይህ ሲሆን ያንን አደርጋለሁ» ተብሎ ከአንድ ተጨባጭ ሁኔታ ጋር የታሰረ ዕቅድ «እሞክራለሁ» ከሚለው አጠቃላይ ፈቃድ ይልቅ ወደ ድርጊት የመለወጥ ዕድሉ ይበልጣል። ለአዋቂዎች የተዘጋጀው የአስተሳሰብና የባህሪ ሕክምናም በአመዛኙ የሚያስተምረው እንዲህ ያለውን ልምምድ ነው።

በሞግዚቱ በኩል ያለው ሥራ ይበልጥ ከባድ ነው፣ ምክንያቱም መተውን ይጠይቃል። ሥራ ሲከፋፈል ከታሰበበት ሰዓት ጀምሮ እስኪጠናቀቅ ድረስ ሙሉውን ለአንድ ሰው መስጠት እንጂ፣ ማሰቡን ለአንዱ መፈጸሙን ለሌላው ማድረግ ሞግዚትነቱን በሌላ ስም ያቆየዋል፤ «ገበያ ሂድ፣ ይህን ይህን ግዛ» የተባለ ባል አሁንም ታዛዥ ነው፣ የቅዳሜ ምግብ ከአስቤዛው እስከ ማዕዱ የእርሱ የሆነ ባል ግን ባለቤት ነው። ከዚያ በኋላ ምግቡ ቢዘገይ ወይም በሌላ መንገድ ቢሠራ ጣልቃ አለመግባት የሞግዚቱ ተራ ነው። ሁሉም ነገር ግን እንዲወድቅ አይተውም፤ የልጅ ደኅንነት፣ የመድኃኒት ሰዓት፣ የቤት ኪራይና የባንክ ዕዳ መውደቅን የማይችሉ ስለሆኑ ችሎታው ላለው ወገን በግልጽ ስምምነት ይሰጣሉ፣ በምትኩም ተመጣጣኝ ሸክም ይወሰዳል። ማሳሰቢያ ቀኑን ሙሉ ከመበተን ይልቅ በሳምንት አንድ ጊዜ በታወቀ ሰዓት፣ ለምሳሌ እሑድ ከቡና በኋላ፣ ሁለቱም ወረቀት ይዘው የሚቀመጡበት አጭር ውይይት ቢኖር የቀረው ሳምንት ከፈተና ነጻ ይሆናል፤ ስሜት ሲግል ደግሞ ማን እንደሚያቆምና ከምን ያህል ጊዜ በኋላ እንደሚመለሱ አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል፣ ሳይመለሱ መቅረት ሽሽት ነውና።

ስያሜው የማይሸፍናቸው ቤቶችም አሉ። ሁለቱም ኤዲኤችዲ ያለባቸው ባልና ሚስት ሞግዚት የላቸውም፤ ችግራቸው የቁጥጥር መብዛት ሳይሆን ማንም ያልያዘው ጉዳይ መብዛት ስለሆነ፣ ከውጭ የሚያግዝ ዘመድ ወይም ወር በገባ ቁጥር በራሱ የሚፈጸም የባንክ ክፍያ ይበልጥ ይጠቅማቸዋል። የትዳር ጓደኛውን ገንዘብ የሚነጥቅ፣ ከዘመድ የሚለያትና መውጣት መግባቷን የሚቆጣጠር ሰው ደግሞ «ዝንጉ ስለሆነች ነው» ቢል እንኳ ሞግዚት ሊባል አይገባም፤ ያ ጥቃት ነው። በአንጻሩ የሚማታና የሚያስፈራራ ሰው ኤዲኤችዲ እንዳለበት በምርመራ ቢረጋገጥም፣ ችኩልነት ድብደባን የሚያስረዳ ምክንያት አይሆንም፤ እንዲህ ባለው ቤት የሚቀድመው የተጎጂው ወገን ደኅንነት ሲሆን፣ ስለ ሥራ ክፍፍልና ስለ እሑድ ውይይት የተባለው ሁሉ ደኅንነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ ይቆያል።